ጓሮ ውስጥ የቀበርሽልኝ

ታዱዬ፣

ከሸኘንሽ ሰባተኛው ወር ሊሞላ ነው። ደብዳቤ ቁጭ ማለት ይፈልጋል፤ ለዚያ ነው የዘገየሁት። እዚህ መስመር ላይ እስክደርስ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ በሩን ልዘጋ፣ አንዴ መልሼ ልከፍተው።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው በዚያችው በለመደባት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲውም እዚያው ሆኖ ይጠብቀዋል። የታሪክ መጻሕፍቴ መኝታ ቤት እንዳይገቡ ከልክለሻቸው ነበር፤ አሁን ከልካይ አጥተው አልጋው ላይ በአንቺ በኩል ተጋድመዋል። ይህን ልጃችን ከምታሳጣኝ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በጎመን ነው። ካረፍሽ ሁለተኛው ወር ላይ ገበያ ወጣሁና አንድ እስር ጎመን አነሣሁ። ሻጯን እኔ አላውቃትም፤ እሷ ግን አንቺን ታውቅሻለች። እስሩን ከእጄ ሳትቀበል ቀና ብላ አየችኝና፣ «የታደለች ባል ጎመን ይገዛል? ጓሮው ወዴት ሄዶ ነው?» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማንያ ተማሪ ፊት ቆሜ ያላፈርኩት ሰውዬ በአንድ እስር ጎመን አፈርኩ። ጓሮው የትም አልሄደም። አንቺ ከታመምሽ ጀምሮ አረም በልቶት፣ የተረፈውን የጎረቤት ዶሮ ጨርሶት ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንደ እኔ ማለት ነው፣ እሱ መቀመጡን ከመቻሉ በቀር።

በዚያው ሳምንት ምሕረት ከሐዋሳ ደወለች። «አባዬ፣ ብቻህን ምን እየበላህ ነው?» አለች። «ከጓሮዬ» አልኳት። ውሸት ነበር። እሷም እንደ አንቺ ውሸት ሲነገራት ዝም ትላለች። ቀጥላም፣ «ለመስቀል እመጣለሁ። አይቼ ካላማረኝ ይዤህ ነው የምመለሰው» አለች። ኮንዶሚኒየሟ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ መጋረጃም ሰቅላለች አሉ። ልጅቷ ክፋት የላትም። ግን እኔ በቀን አርባ ጊዜ የምነሣ ሰው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ? እዚህ ቢያንስ ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሳሎን አለልኝ። ስለዚህ እስከ መስቀል ያንን ውሸት እውነት ማድረግ ነበረብኝ።

ጓሯችን በእኔ እርምጃ ዐሥራ አንድ በስምንት ነው፣ ሽንት ቤቱንና የልብስ ማስጫውን ጨምሮ። አንቺ ከዚያች ላይ ዓመቱን ሙሉ ወጥ ታወጪ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ አነበብኩ። ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ አግኝቼ ዋና ዋናውን በደብተር ገለበጥኩ፤ አፈር ሳልነካ ዐሥር ቀን አለፈ። ከዚያ አንድም ነገር ላለመግዛት ወሰንኩ። አንቺ ፌስታል እንኳ አጥበሽ ታሰጪ ነበርና በአንቺ ጓሮ ገንዘብ ማውጣት ድፍረት መሰለኝ። ቢጫውን ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ ሰላጣ ዘራሁበት። የተሰበረውን የሽቦ አልጋ ግድግዳው ላይ አቁሜ ለቲማቲም መደገፊያ አደረግኩት። ያቆጠቆጠውን ድንች ዓይን ዓይኑን ቆርጬ በጆንያ ቀበርኩ። የልብስ እጣቢ እንኳ አይደፋም፤ ሳሙናው እስኪያርፍ አቆይቼ አጠጣዋለሁ።

የቲማቲሙን ዘር ከበሰበሰ ቲማቲም አውጥቼ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ላይ አደረቅኩት። ከወረቀቱ አልላቀቅ ሲለኝ ከነወረቀቱ ቀበርኩ። የዚያ ተማሪ ውጤት ከመቶ አርባ ሁለት ነበር። ቲማቲሙም ከዚያ አልበለጠም።

ጎመኑ የባሰ ነው። መጽሐፉ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ ይላል። እኔ ትኩስ እበት ጨመርኩ፤ መበስበሱን እዚያው ይጨርሰዋል ብዬ። ጎመን ከነሥሩ ቆሞ ሳለ ሲቀቀል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጆንያዎቹን የሰጠኝ ጎረቤታችን ጋሽ ኑሪ ነው። ሱቁን ዘግቶ ለምሳ ሲገባ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣል። አንድ ቀን ረጅም ጊዜ አየኝና፣ «መምህር፣ ጆንያውን እኔ ሰጠሁ፣ ዝናቡን አላህ ሰጠ። አንተ ምን ሰጠህ?» አለኝ። «ጊዜዬን» አልኩት። «እሱንማ ለአንተም ጡረታ ነው የሰጠህ» ብሎ አንገቱን መለሰ። ለነገሩ ከጓሮዬ ያማረው አንድ ነገር ያልተከልኩት ዱባ ነው። ከጣልኩት ፍሬ በቅሎ፣ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ፣ ጋሽ ኑሪ ግቢ ገብቶ አፈራ። አሁን የማን እንደሆነ ገና አልተስማማንም።

እህትሽ እትዬ ብርቄ ከሀቢቾ ለገበያ በመጣች ቁጥር ብቅ ትላለች። ካሮቴን አይታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እኔ ካሮቱ አድጎ እንደሆነ ለማየት በሁለት ቀን አንዴ አንዱን እነቅል ነበር፤ አይቼ መልሼ እተክለዋለሁ። «መምህር፣ አንተ ካሮት አትተክልም፤ ትፈትነዋለህ። ተወው እንጂ፣ ያጥና» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ አልበረከተም፤ ሆስፒታል ትዝ አለኝ። አንቺ ተኝተሽ እኔ ውሃ እያለ ውሃ ልገዛ ስወጣ፣ ነርሷን የጠየቅኳትን መልሼ ልጠይቃት ስሄድ፣ ኮሪደሩን ስለካ። «ግድግዳው አይወድቅም፤ ና ተቀመጥ» ትዪኝ ነበር። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጅሽን እይዛለሁ፤ ከዚያ መስኮቱ በደንብ ያልተዘጋ ይመስለኛል። ለሌላ ሰው ብነግረው አሳቢ ባል ነበር ይለኛል። አንቺ ግን ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ ታውቂያለሽ። ይኸው ዛሬም ያንን ሁሉ መነሣት በምን እንደምመልስልሽ አላውቅም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ካሮቱን ከእኔው ከራሴ ላድነው ብዬ ሌላ መደብ ፈለግኩ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጥግ ብቻ ቀርታ ነበር። ትዝ ይልሻል፣ እዚያ ደረቅ የእንሰት ቅጠልና ገለባ ተከምሮ ነበር። እኔ የአንቺ ቆሻሻ መጣያ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ አረሜን፣ የድንች ልጣጬን፣ የተቀቀለውን ጎመን ሳይቀር ስቆልልበት ከርሜያለሁ። ክምሩን ገፍቼ ዶማዬን አነሣሁና አሳረፍኩ። አንድ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ። ሁለተኛ አሳረፍኩ። ሦስተኛውን ካነሣሁ በኋላ ነው ያየሁት፤ ብርሃን አጥተው የገረጡ፣ እንደ ጣት የተጠማዘዙ ቡቃያዎች። እንሰት። ከአንድ ሥር ዙሪያውን ተጨናንቀው ወጥተዋል፤ ግማሾቹ በዶማዬ ተቆርጠው ተጋድመዋል።

የሀዲያ ሰው ነኝ ታዱ። እንሰት በራሱ ጓሮ ዝም ብሎ እንደማይበቅል አውቃለሁ። ችግኝ እንዲያወጣ አሚቾውን፣ ያንን ወፍራም ሥሩን፣ መሐሉን ሰንጥቆ የሚቀብረው ሰው አለ። ያ ሥራ ደግሞ የወንድ ነው። ይህ ቤት ያለው ወንድ እኔ ነኝ፤ እኔ አልቀበርኩም።

እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ። «ወጣ እንዴ?» አለች። የገበያ ቀን እስኪደርስ ሳትጠብቅ በማግስቱ መጣች። ቁልቁል አይታ ዶማዬን ከእጄ ወሰደችና አጥሩ ላይ አስደገፈችው፤ ከሕፃን ላይ ቢላዋ እንደሚወሰድ። ከዚያ ነገረችኝ።

የካቲት ላይ፣ ልታርፊ አንድ ወር ሲቀርሽ፣ በጆንያ ድንች አምጥታልን ነበር። ያ ድንች አሚቾ ኖሯል። አንቺም የዚያን ቀን ወገቤን አመመኝ ብለሽ ቅባት እንድገዛልሽ ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ሰጠሽኝ። ወረቀቱን ይዤ የሆሳዕናን ፋርማሲ በሙሉ አዳረስኩ። እንዲህ የሚባል መድኃኒት አናውቅም አሉኝ። አንዱ ጋ ተከራከርኩ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ፊደል አልሳሳትም አልኩ። በመጨረሻ ይመሳሰላል ያሉኝን ገዝቼ፣ በባጃጅ ስመጣ ከሦስት ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። ስሙን ከራስሽ እንደፈጠርሽው የነገረችኝ እህትሽ ናት። እኔ ካለሁ ጎንበስ እንድትዪ አልፈቅድልሽም፣ ደግሞም ሥራው የወንድ ነውና እናንተ ስትሠሩ እያየሁ አፍሬ እቆማለሁ። ስለዚህ ነጩን ጀሪካን ገልብጠሽ ተቀመጥሽ፤ እሷ ቆፈረች፤ መሐሉን በቢላዋ የሰነጠቅሽው ግን አንቺ ነሽ፤ አፈሩንም በእጅሽ አለበስሽው።

«ለምን?» አልኳት። እንሰት ለመብላት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንቺም ታውቂ ነበር፤ ሐኪሙ ያለውንም ታውቂ ነበር።

«እኔም ይኼንኑ ጠየቅኳት» አለች እትዬ ብርቄ። «‹ይሄ ሰው ቁጭ ማለት አያውቅም። እኔ ስሄድ ከተማውን በእግሩ ይጨርሰዋል። ረጅም ነገር እንትከልለት› አለች።»

«ታዲያ አትነግሩኝም?»

«‹ዝናብ ሲጥል ራሱ ይወጣል፣ ያየዋል› አለች። ቆሻሻ ትደፋበታለህ ብላ አላሰበችም።»

ከዚያ ተንበርክካ ቆጠረች። ዐሥራ ዘጠኝ ተርፏል። ስንቱን እንደቆረጥኩ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

ቅባቱ ቁምሣጥን ውስጥ ነበር፣ ማሸጊያው ሳይቀደድ። የዚያን ቀን ቀድጄ ወገቤን ተቀባሁት። ምንም አይሠራም።

ምሕረት ለመስቀል መጣች። ቃሏን አክብራ ለእኔ ልብስ የሚሆን ባዶ ሻንጣም ይዛለች። ጓሮውን ልታይ ወጣች። ፀጉር የመሰለ ካሮት፣ አልጋ ላይ የሞተ ቲማቲም፣ ሁለት በእትዬ ብርቄ እጅ የተተከሉ ጎመኖች አሳየኋት። ዱባውን በአጥሩ ላይ በጣቴ ጠቆምኩላት። ፊቷን አየሁት፤ ሻንጣው ሊሞላ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ጥጉ ወሰድኳትና የሆነውን ሁሉ፣ ቅባቱንም፣ ዶማውንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ችግኞቹ ሌላ ዓመት ተለይተው እንደሚተከሉ፣ እንደገና ተነቅለው ሌላ ቦታ እንደሚዛወሩ፣ ከዚያም እንደገና።

«አባዬ፣ ስንት ዓመት ነው የምትለኝ?»

«ስድስት። ሰባትም ይሆናል።»

«ዕድሜህ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የታሪክ አስተማሪ ነኝ» አልኳት።

ነጩን ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች። የት እንደተቀመጠች አልነገርኳትም። አለቀሰችም ሳቀችም፤ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አረም መንቀል ጀመረች፤ እንደ እኔ ሳይሆን እንደ አንቺ፣ ከሥሩ። ሐዋሳ ስትመለስ ሻንጣውን ባዶውን አልወሰደችም፤ ጋሽ ኑሪ አንዱን ዱባ አጥሩን አሻግሮ ሰጥቷት ይዛው ሄደች። ለሚቀጥለው መስቀል መጥታ እንደገና ታየኛለች፤ ስምምነታችን በየዓመቱ የሚታደስ ነው።

ይህች ጓሮ የጎለመሰ እንሰት ከአራት በላይ አትይዝም። መደቦቼን በሙሉ ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው፤ ካሮቱ ሲሰማ ደስ ይለዋል። የሚተርፉትን ለእትዬ ብርቄ፣ ለጋሽ ኑሪ እሰጣለሁ፤ አንዱንም ያችን ጎመን ሻጭ ፈልጌ እሰጣታለሁ። ቀባሪው እኔ መስዬኝ ነበር፤ ለካ ቀባሪዋ አንቺ ነበርሽ።

ሌላው ባል መቃብር ላይ ቆሞ አልረሳሽም ብሎ ይምላል። እኔ በምን አቅሜ እረሳሻለሁ? ጧት ተነሥቼ ዐሥራ ዘጠኙን እቆጥራለሁ፣ ከምሳ በኋላ እቆጥራለሁ፣ እንደ ካሮቱ ነቅዬ እንዳላያቸው እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምቆጥራቸው። ከእነሱ የመጀመሪያዋ የቆጮ ቂጣ፣ ዋሳችን፣ የምትጋገርበት ቀን ከደረስኩ፣ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳልነሣ እበላታለሁ። ይህን ብቻ ነው ቃል የምገባልሽ፤ ከእኔ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጨርስ ነበር፤ ግን የጋሽ ኑሪ ዶሮ ወደ ጥጉ ስታልፍ በመስኮቱ አየኋት። ይቅርታ ታዱዬ፣ ልነሣ።