የፍልሰታ ስንዴ

ከፎገራ ሜዳ
መስከረም 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድምዓለሜ፦

እንዴት ከረምህ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል አሁንስ ተወህ ወይስ እንደ ልማድህ ለማንም ሳትናገር ተሸከምኸው? የደብረ ታቦር ብርድ ለደረት አይመችምና ጋቢህን በጽሕፈት ቤትህ ወንበር ላይ እየረሳህ አትውጣ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ዳለቻዋ ላም ወልዳለች። ጎረቤቴ ማናዬም እንደ ወትሮዋ ናት፤ ምላሷም እግሯም አላረፈም። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። እስካሁን የደረሱህን ሁሉ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው የጻፉልኝ፤ ግማሹ ምክር የሆነብህም ለዚህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ጨብጬ ሀ ሁ ያልሁት በከንቱ አልቀረም። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጌ ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም ያያል። ፊደል ቁጠሪ እያልህ የገፋፋኸኝ አንተ ነህና ይህን አልክድህም። ፊደሌን ተንጋዶ ብታገኘው ግን ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። ለማንኛውም ይህን ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። ምክንያቱን አንብበህ ስትጨርስ ታውቀዋለህ።

ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ያን ዕለት የተባባልነውን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ፤ አገሩ ግን እየተቀባበለ ስላጣመመው እኔ የማስታውሰውን ልጻፈው። እንግዶቹ ገበታ ላይ ሳሉ ጓዳ ያለውን ጎታ አይተህ ምን እንዳለበት ጠየቅኸኝ። ጠፍቶህ አልነበረም። ከልጅነትህ ጀምሮ ያን ስንዴ በትከሻህ ተሸክመህ ወደ ደብራችን ወደ ማርያም የምታወጣው አንተ ነበርህ። የፍልሰታ መገበሪያ ነው አልሁህ። ያኔ በሰው ሁሉ ፊት ብድግ ብለህ፣ የወሎ ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ እኔ ለቁራሽ ኅብስት ብዬ ጎታ ሙሉ ስንዴ መቆለፌን ነገርኸኝ። ከእንግዲህ በዚህ ስንዴ ላይ እጄን አታይም አልህ። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና፣ “እንግዲያው የዚህን ቤት ደፍ እንዳትረግጥ” አልሁህ። የጎረስኸውን ሳትውጥ ወጣህ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ወንድሜ ሥራ በዝቶበታል እል ነበር። ውስጤ ግን ያረረ ነበር። ንግግርህ ስለተበላሸ አይደለም ያረርሁት፤ እውነት ስላለበት ነው። ይህንንም በዚያን ጊዜ ለማንም አልተናገርሁም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አያታችን የፍልሰታን ተራ ከተቀበሉ ጀምሮ የሁለቱ ሱባኤ መሥዋዕት ከእኛ ቤት ስንዴ ነው። ሌላው ምእመን በዓመት አንድ እሑድ ያቀርባል፤ እኛ ጾሙን ሙሉ። በጣሊያን ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም። በዚህ እኮራ ነበር፣ ዛሬም እኮራለሁ፤ ኩራት ኃጢአት ነው ካልኸኝ ቄስ ኃይለ ሚካኤልም ብለውኛል። በዚህ ክረምትም ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃውን በነሐሴ መባቻ አስረከብሁ። የቀረውን በስምንተኛው ቀን ላደርስ ጎታው ውስጥ ትቼው ሳለ ነሐሴ ስድስት ቀን ርብ ወንዝ ሞላ።

የዚህን ክረምት ሙላት ብታየው ታዝን ነበር። ቤት ውስጥ ውኃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ከብቶቹን ወደ ደብሩ ጉብታ አወጣናቸው፤ ታች ያለው ሕዝብም ልጆቹን ይዞ ቅጥሩ ውስጥ ሰፈረ። ውኃው በነጋታው ከቤት ወደ ግቢው ቢወርድልኝም ጎታው ከሥሩ ጠጥቶ ኖሮ ክዳኑን ሳነሣ ስንዴው አብጧል፣ ጎንቁሏል፣ ሽታውም ተለውጧል። እንደምታውቀው የጎነቆለ ስንዴ ለመሥዋዕት አይሆንም። መሥዋዕት ከሌለ ደግሞ ቅዳሴ ይታጎላል። በፍልሰታ፣ ሕፃን ሁሉ በሚቆርብበት ጾም፣ በእኛ እጅ ሊታጎል ነው። ጎታው ሥር ቁጭ ስል መጀመሪያ የታየኝ የአንተ ፊት ነው። ከእግዚአብሔር ይልቅ አንተን አፈርሁ። ይህንንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።

ከላይ ከላዩ ውኃ ያልነካውን ከማናዬ ጋር አንድ በአንድ ስንለቅም ዋልን። ለሁለት ቀን ተኩል የሚሆን ወጣ። በማግስቱ ባለ ታንኳው ማረው እስከ ደረቁ መሬት አሻገረኝና በእግሬ ወረታ ገባሁ። ገበያው ላይ ጓያና ሽምብራ እንጂ ስንዴ የሚባል የለም። ስንዴው ያለው አንተ ባለህበት ደጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዳይወርድ ደግሞ መገንጠያው ላይ ኬላ ቆሟል፣ መኪናው ሁሉ ይበረበራል። አንዲት ነጋዴ፣ ግማሽ ጆንያ ሊያሳልፍ ሲል የተያዘ ሰው እስከ ዛሬ እንዳልተፈታ ነገረችኝ። ያኔ ገበያው መካከል ቆሜ አለቀስሁ። እኔ፣ ባሌን ስቀብር እንባዬን በነጠላዬ ሸፍኜ የዋልሁት፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየኝ አለቀስሁ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ አይቶኝ ይሆናል፤ ወሬው ወደ ደጋ እንዴት እንደደረሰ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው።

ማናዬ ግን እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችኝም። የአምራቾች ማኅበር በቀደመው ዓመት ከዘራው ሩዝ የደረሳትን ታውቃለህ፤ እንዴት እንደሚበላ አሁንም እየተጨቃጨቅንበት ነው። እሷ ፈጭታ፣ ሦስት ጊዜ ነፍታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ቤተ ልሔሙ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። “ከስንዴው ይነጣልዎት እኮ አባቴ፣ ደግሞም ውኃ አልነካውም” ትላቸዋለች። ዲያቆናቱ ሳቃቸውን ለመያዝ ፊታቸውን አዞሩ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ግን አልሳቁም። ዱቄቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ “ልጄ፣ ልብሽ ከመንበሩ ደርሷል፤ ጌታችን የባረከው ግን የስንዴ ኅብስት ነው። ዱቄቱን ለልጆችሽ ጋግሪው” አሏት። ማናዬ እንደ መመረቅ ቆጥራው ስቃ ተመለሰች። እኔ ግን ሳያት አፈርሁ። ስሟ በማንም የተራ መዝገብ ላይ የለም፣ ያላትን ይዛ መጣች። እኔ የአያቴን ስም ይዤ ነበር የምጨነቀው።

ነሐሴ ዐሥር ቀን ማለዳ ነው እንግዲህ። በሩን ስከፍት አንድ ጆንያ ውጭ ቆሟል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል፣ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ከደፉ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝናብ እንዳያገኘው ወደ ውስጥ ይገፋው ነበር። ይህ ግን ደፉን ላለመንካት የተጠነቀቀ ሰው ያስቀመጠው ነው። አፉ በሲባጎ ታስሯል። ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሮ፣ ባንድ ስበት የሚፈታ። አባታችን አያልነህ ታንኳ ላይ ጭነት ሲያስር የሚያስረው እንዲህ ነበር። ደንገል እያጨደ ሲያስተምረን አንተ በዐይን ያዝኸው፣ እኔ ጣቴን ሁለት ጊዜ ላጥሁት። እሱ ካረፈ ወዲህ ያን አስተሳሰር የሚያውቁ አራት እጆች ናቸው፤ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ማናዬ መጥታ ምነው ደነገጥሽ ብትለኝ፣ ስንዴ መጥቷል አልኋት። ማን አመጣው ስትል እመቤታችን አልኋት፤ አልዋሸሁም።

ማረውንም ጠየቅሁት። ማንንም አላሻገርሁም አለኝ። ማረው ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ አንተም ታውቃለህ። እኔም ስለ ጆሮው ምንም ሳልለው ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ያን ሰው ኬላው ላይ ቢይዙት ኖሮ ወንበሩን ብቻ አልነበረም የሚያጣው። ምን ብሎ እንዳሳለፈው፣ ከየትኛው መኪና እንደወረደ፣ በዚያ ውኃ ውስጥ በዚያ ደረቱ ጆንያ ተሸክሞ እንዴት እንደመጣ ባሰብሁት ቁጥር አማትባለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል።

ስንዴው የደጋ ስንዴ ነው፣ ጠጠር የሌለበት። ለቅመን ቀኑን ሳይመሽ ለዲያቆናቱ አስረከብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልጎደለም። በነሐሴ ዐሥራ ስድስት ማረው ከየቤቱ ሕፃናቱን በታንኳ ሲያመላልስ አረፈደ። ሰባ ሁለት ሕፃናት ቆረቡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁለት ልጆችም አሉበት፤ እሱ ቅጥሩ ውጭ ቆሞ እናታቸው ናት ይዛ የገባች። ካህኑ ኅብስቱን ይዘው ሲወጡ ሁሉም አጎነበሰ። እኔም አጎነበስሁ፤ ግን ልንገርህ፣ በልቤ ቀና ብዬ ነበር። ያ ስንዴ በማን ትከሻ እንዳለፈ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። በአያቴ አይደለም የኮራሁት።

ለፋሲካው ንግግርህ መልስ አልሰጠሁህም ነበር፤ አሁን ልስጥህ። ከጆንያው ለመሥዋዕቱ ከሚበቃው ብዙ ተርፏል። ቀድሞ ቢሆን ለከርሞ ብዬ ጎታ ውስጥ እከተው ነበር። ቃልህ ግን ጆሮዬ ላይ ስለቀረ ቄስ ኃይለ ሚካኤልን አማከርኋቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ቅጥሩ ውስጥ ለሰፈረው ሕዝብ ሁለት ትልልቅ ድስት ንፍሮ እየቀቀልን እስከ ጾሙ ፍቺ አበላን። ማናዬም የሩዟን ቂጣ ይዛ መጣች፤ ልጆቹ ተሻሙበትና እስከ ዛሬ ድረስ አፏን ሞልታ ታወራዋለች። ከአንዱ ጆንያ ሁለቱም ወጣ፣ የመንበሩም የሰውም። አንተ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ስንጣላ ነበር የከረምነው።

አየህ፣ እኔ ቅዳሴውን የሚሸከመው የእኛ ቤት ይመስለኝ ነበር። ጎታዬ ባዶ ሲሆን ነው ተሸክሞ ያኖረን እሱ መሆኑ የገባኝ። እምነት አለኝ እል የነበረው ስንዴ ስለነበረኝ ነው። አሁን ጎታው ተሰንጥቋል፣ ለሚቀጥለው ፍልሰታ ስንዴ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ግን አልፈራሁም። ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልነገርሁም።

በዚህ ስንዴ ላይ እጄን አታይም ብለኸኝ ነበር። ቃልህን ጠብቀሃል፤ አላየሁትም።

ሲባጎውን አጣጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለማረው ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ያስረክብሃል። ጠንካራ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ይሆናል። ያንን አስተሳሰር ለልጅህ አስተምረው፤ በአራት እጅ ብቻ እንዳይቀር።

አንድ ነገር ልጨምር። የቤቴን ደፍ ውኃው አበስብሶት ኖሮ ነቅዬ ለማገዶ አደረግሁት። አናጢው አዲስ ላስገባልሽ ቢለኝ ለጊዜው ይቆይ ብዬዋለሁ። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ የእኔ ቤት ደፍ የለውም። መስቀል ደግሞ ቅርብ ነው።

የፍልሰታዋ እመቤት ደረትህን ታሙቅልህ፤ የምትወጣበትንም የምትገባበትንም መንገድ ትጠብቅልህ። ፈጣሪ አባታችን ያልጠገበውን ዕድሜ ለአንተና ለልጆችህ ይስጥ። በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ሰው የማይፈራህ፣ አንተም ሰው የማትፈራ ያድርግህ።

እታለምህ