ለሽያጭ የቀረበችው ሞተሬና ክቡር ሊቀመንበሩ

ለተከበሩ አቶ ዲንካር ፓትዋርዳን
የፓሪጃት ግቢ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ፑኔ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በየማለዳው መናፈሻው ውስጥ ከሳቅ ማኅበር ጓደኞችዎ ጋር እጅዎን ወደ ሰማይ ሰቅለው የሚለቁት ሳቅ እስከ መኝታ ቤቴ ድረስ ስለሚሰማኝ፣ ሳንባዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ተረድቼ አምላካችንን ጋኔሻን አመስግኛለሁ። እኔም ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህንን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎ ስለ ሞተሬ ያወጡት ማስታወቂያ ብቻውን ሆኖ እንዳይከፋው ብዬ ነው። እንደሚያውቁት ሞተሬ በዘመናችን የተወለደች፣ መልኳን ግን ሆን ተብሎ ከአያቶቻችን ዘመን የወረሰች ናት፤ ክብ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ፣ ዱግ ዱግ የሚል ድምፅ። ሂማላያን አቋርጥባታለሁ ብዬ ገዝቻት፣ ኧረ የምን ሂማላያ፣ የሰፈራችንን ድልድይ ሳልሻገር ወገቤን ቆረጠኝ። ሐኪሙም ወይ ሞተሯን ወይ ወገብህን ምረጥ አለኝ። እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ስለዚህም የሚነዳት ሰው ይግዛት እንጂ የሚፈታታት ቁራሌ እንዳይወስዳት ስሳሳ ሰነበትኩ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ “ለብዙ ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ተሽከርካሪ የተጣለ ንብረት ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተነሣ ለቁራሌ ይሰጣል” የሚለውን ውሳኔዎን በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። የሰጡኝ ጊዜ የሚያልቀው የሙት ቅድመ አያቶቻችንን ነፍስ በምናስብበት ሰሞን መሆኑ፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ እንኳን ሞተር አዲስ መጥረጊያ የሚገዛ ሰው በከተማችን እንደማይገኝ ጠፍቶዎት ነው ብዬ አላማዎትም። ቀጥሎ በሚመጣው የዳሸራ በዓል ግን ሰው ሁሉ ተሽከርካሪ ገዝቶ የአበባ ጉንጉን ያጠልቅለታል። እስከዚያ ብቻ ይታገሡኝ ብዬ ብለምንዎ “ደንብ ደንብ ነው” አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ደንብ ደንብ ነው።

፪ኛ፦ የመጀመሪያው ገዢ፣ ጢሙን ለዚህችው ሞተር ሲል ያሳደገ የሚመስለው ያ ሸበላ ጎልማሳ፣ ገና ኮርቻው ላይ ሳይወጣ በር ላይ ካለው ወንበርዎ ሆነው “ኧረ ተው ልጄ! ይህች እኮ በሠርጉ ቀን አባቴ እናቴን ሊያመጣ የሄደባት ናት!” ብለው ስለመከሩልኝ ውለታዎን ከፋይ ያድርገኝ። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ አሰበ፤ ከዚያ ሄደ።

፫ኛ፦ ይህ ቅሬታ አይደለም፣ አድናቆት ነው። ሁለት ወንድማማቾች መጥተው፣ ወደዋት፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ በከዘራዎ የቤንዚን ሰልባትዮዋን ቆርቆር አድርገው “በዚህ ሰሞን አዲስ ነገር መግዛት ሙታንን ማስቀየም ነው፣ አያድርስ!” አሏቸው። ፈረጠጡ። ጢማሙ ሲመጣ አሮጌ፣ ወንድማማቾቹ ሲመጡ አዲስ የምትሆን ሞተር በዓለም ላይ የእኔዋ ብቻ ትመስለኛለች። ያን ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ቁራሌውም ከአጥር ማዶ ሲያያት ዐይኑን አልወደድኩለትም።

፬ኛ፦ ለእሑዱ የነዋሪዎች ስብሰባ ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተነሥተው በሁላችንም ፊት “ያረጀች ብረት ናት! አዲስ ናት የሚል ካለ ዐይኑን ይታከም!” ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙ። ተጨበጨበልዎ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለተኛው ቀደም ብሎ የደረሰብዎ ሲሆን፣ አንደኛው የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው።

ምክንያቱም ሰኞ ማለዳ፣ እርስዎ መናፈሻው ውስጥ በመሳቅ ላይ ሳሉ፣ አንዲት የተከበሩ ሴት የራስ ቁር በእጃቸው ይዘው ደጄን አንኳኩ። “አሮጌ ዕቃ መግዛት ማን ከለከለ? ሊቀመንበሩ ራሳቸው አሮጌ ናት ብለዋል። ደግሞ አያቶቼ በበሬ ጋሪ ወገባቸው ያለቀ ሰዎች ናቸው፤ ደስ ይላቸዋል እንጂ ምን ይከፋቸዋል?” አሉኝ። ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አስነሧት። ግቢውን ሁለቴ ዞሩ፣ ጥጉ ላይ እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ ታጠፉ፤ ለካ በልጅነታቸው ሳታራ አገር ያባታቸውን ላሞች ወተት በሞተር ሲያድሉ ነው ያደጉት። ሞተሬ የሚገባትን ሰው አገኘች ብዬ እንባዬ መጣ። በዋጋውም ተከራክረው አሸነፉኝ፤ ይሁን፣ መረቅኋቸው።

ስለዚህ ማስታወቂያዎ ከዛሬ ጀምሮ እኔን አይመለከትም። “የተጣለው ንብረት” ሕጋዊ ባለቤት ወይዘሮ ኩሙዲኒ ፓትዋርዳን ይባላሉ፤ እርስዎ በሚኖሩበት ቤት፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርቡት ውድ ባለቤትዎ ናቸው። ለቁራሌ የሚሰጡ ከሆነ እባክዎን በቅድሚያ እሳቸውን ያማክሩ።

ለደንብ መከበር የማይተኛ ዐይንዎን እያደነቅሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ 

ታዛዥዎ ማካራንድ ጆግሌካር

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ኩሙዲኒ ለዳሸራ ወደ ሳታራ በሞተሯ ይጓዛሉ። የኋላውን ኮርቻ ለእርስዎ አስበውት ነበር፤ እኔ ግን ክቡር ሊቀመንበርን የሚያህል ሰው ያረጀ ብረት ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው ብዬ ስለመከርኳቸው ቦታው ለሻንጣቸው ተሰጥቷል። የአውቶቡሱን ሰዓት ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ።