«ተኩሱ ጋብ ብሏል» ላሉን ክቡር አደራዳሪ

ክቡር ሆይ፤

እርስዎም ሆኑ በድርድሩ አዳራሽ ያሉ ባልደረቦችዎ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁም የሰመረ እንዲሆን ከአቃቂ በሰቃ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አስካለች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ገዳ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቃሊቲ ዱቄት ጭኖ ወደ ሰሜን እንደ ወጣ ጦርነቱ መንገድ ላይ ያዘው።

፩. ስለ «ጥልቅ ስጋት»ዎ አመሰግናለሁ። ገዳ አብሮት ከሚነዳው ከጀቤሳ ጋር ዘጠኝ ቀን ጫካ ተደብቆ ሲከርም፣ ክቡርነትዎ ሦስት ጊዜ ሰግተውልናል። እኔ የሰጋሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እስካሁን ግን አላባራልኝም።

፪. በአሥረኛው ቀን «ተኩሱ ጋብ ብሏል፤ ይህም የጥረታችን ፍሬ ነው» ብለው በሬዲዮ ስላበሰሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጀቤሳ ብቻውን አቃቂ ገብቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «ከጫካው የወጣነው ሬዲዮውን ሰምተን ነው። ገዳ ‹ትልልቅ ሰዎች ካሉማ እውነት ነው› አለኝ። መኪናው ጋ ሳንደርስ ከሁለቱም በኩል ተኩስ ወረደብን።» ባለቤቴ ጭኑን ተመታ። ጀቤሳ ተሸክሞ አንድ ትምህርት ቤት ካስጠለለው በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ወጣ፤ ሊመለስ ሲል መንገዱ ተዘጋበት።

፫. የገዳን ስም ጽፌ ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ ነበር። በር ላይ ያሉት ሠራተኛ እጅግ ትሑት ናቸው። «ክቡርነታቸው የሚያነጋግሩት ተደራዳሪ ወገኖችን ብቻ ነው፤ እርስዎ የየትኛው ወገን ነዎት?» አሉኝ። «የገዳ ወገን ነኝ» አልኳቸው። ዝርዝራቸውን አገላብጠው አዩ፤ እንዲህ ያለ ወገን አልተገኘም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትናንት ጠዋት ስልክ ከተደወለልኝ ወዲህ ግን ትቼዋለሁ።

የደወለው ገዳ ነው፤ አንዲት ነርስ ስልኳን አውሳው። «አለሁ» አለኝ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። ድርድሩ የት ደረሰ?» አለኝ።

ድርድሩን በሁለት ሳምንት እንዳራዘማችሁት ሰምቻለሁ። ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ፣ «እስከ እሑድ ይፈራረማሉ፤ አይዞህ» አልኩት። «ተመስገን! እንግዲያው እስከዚያ እችላለሁ» ሲለኝ መስመሩ ተቋረጠ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎንም እንዲህ ብለው ሲያበቁ እንቅልፍ ይነሳዎታል?

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣
የገዳ ወገን የሆንኩት
አስካለች

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። እሑድ ቢያፈራርሟቸው፣ ከሁለታችን ቢያንስ አንዳችን እውነት ተናግረናል ማለት ነው።