ከደረጃው ስር ያለው ልክ

ውድ እናቴ፣ አዮ፣

አፈር ከለበስሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖሻል። በሕይወት ሳለሽም ቢሆን ማንበብ አትችይም ነበር። ለማን እንደምጽፍ እኔም አላውቀውም፤ ካልጻፍኩት ግን ያፍነኛል። ትናንት ቤትሽ ገብቼ ነበር። ቤትሽ ስልሽ እንዳትስቂብኝ፣ ቤቱ ያንቺ እንዳልነበረማ አሁን ከማንም በላይ ገብቶኛል።

እኔ እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ጫማ ሻጭ ሆኛለሁ። ሳቂ አቦ! ጫማሽን መልሳ የላከችብሽ ልጅ ጫማ ሸጣ ነው የምትበላው። ዛሬም ከገጠር፣ ከዋሂልና ከጀልዴሳ የሚመጡ ሴቶች ለልጅ ጫማ ሲገዙ ልጁን አያመጡትም። ሲባጎ ነው የሚያመጡልኝ። የልጁን እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ለክተው፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥረው፣ ሻሻቸው ላይ አስረው ይመጣሉ። እኔም ሲባጎውን ጫማው ውስጥ ዘርግቼ ከፊቱ አንድ ጣት አስተርፋለሁ። “ሰፊ ጫማ ጨርቅ ይጎሰጎስበታል፣ ጠባብ ግን ምን ይደረጋል?” እላቸዋለሁ። ያንቺ አባባል ነው። ካንቺ የወሰድኩት እሱን ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ፣ አንቺ የማታውቂው የኔ ወገን አለና። አባቴ ሲሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ለአክስቴ ዴቃ ሰጥተሽኝ ከተማ ገባሽ፤ ከዚራ ሰፈር፣ ሙሴ ፔትሮ የሚባለው ፈረንጅ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ሆንሽ። በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ አክስቴ እግሬን በሲባጎ ትለካና ወተት ይዘው ከተማ ለሚሄዱት ሴቶች ትሰጣቸዋለች። ኢድ አልፎ በሳምንቱ ጫማዬን ይዘሽ ለአንድ ቀን ትመጫለሽ። የማውቅሽ በዓመት አንድ ቀን ነው። ያቺን ቀን ደግሞ ስለ ክፍልሽ ስጠይቅሽ እጨርሳታለሁ።

“ክፍሌማ መስኮት አላት” ትይኝ ነበር። “ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መስታወት። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ቀለሙ ብርድ ልብሴ ላይ ይፈሳል። በእጄ ልይዘው እሞክራለሁ።”

“እኔንም ውሰጂኛ!”

“ማዳም ልጅ አትወድም፣ የኔ እናት።”

አሥራ ሦስት ሲሞላኝ ማንንም ሳላስፈቅድ የእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ አስጠራሁሽ። እጅሽ አረፋ እንደያዘ ወጣሽ። “ክፍልሽን ልይ ብቻ። መስኮቷን አይቼ እመለሳለሁ” አልኩሽ። ዞር ብለሽ ቤቱን አየሽው። ከዚያ “ዛሬ አይሆንም” አልሽኝ። ሁለት ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝና በመጣሁበት መኪና መልሰሽ ጫንሽኝ። አልሳምሽኝም። ስንወጣ የግቢው በር ከኋላችን ሲቆለፍ የተሰማው ቂጭ የሚል ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በቃ፣ ገባኝ አልኩ። አፈረችብኝ፤ ቆንጆ ክፍሏን ከኔ ከአቧራማዋ ጋር መካፈል አልፈለገችም። በዓመቱ አክስቴ ሲባጎ ይዛ ስትመጣ እግሬን ሰበሰብኩ። “ለመስኮቷ ጫማ ትግዛላት!” አልኳት። ያለ ልክ ገዝተሽ የላክሽውን ጫማ ባመጣው ሰው እጅ መለስኩት። ሁለት ጊዜ መጣሽ፣ ሁለቱንም ጊዜ ማሽላ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። “ኑርሀን! ኑርሀኔ!” እያልሽ ስትጣሪ አፌን በእጄ ይዤ ሰማሁሽ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ እናትሽ ሞተች ብለው ሊያረዱኝ ሲመጡ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? “የኔ እናት ወይስ የመስኮቷ?” ምላሴ ይቆረጥ! ለተዕዚያሽ፣ ለለቅሶሽ እንኳን አልተቀመጥኩልሽም።

ከተማ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ይኸው ድሬ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚያ ቤት በር አልፌ አላውቅም፤ ባጃጅ ነጂውን “በሌላ መንገድ ዙር” እለዋለሁ። ልጄ ሳብሪን ከዚህ ምኑንም አታውቅም። እሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቲኬት ይዛ መጣች።

“እማ፣ ከዚራ ያ የድሮ ቤት ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ። ስመ ጥር የፈረንጅ አርክቴክት የሠራው ነው አሉ። ሰው ሁሉ ፎቶ እየተነሳበት ነው፣ እኛ ምን ይለናል?”

እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩና “እሺ” አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ? ናፍቆት አይደለም የወሰደኝ። ያቺን ከኔ ያስበለጥሻትን ክፍል አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼ ልራገማት ነበር።

አስጎብኚያችን ማህደር የምትባል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ትሕትና ከአፏ የማይጠፋ። አሥር የምንሆን ጎብኚዎች ተከተልናት። መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሆኑት ነፋስ ገብቶ እንዲወጣ ነው፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለው ሙቀቱ ወደ ላይ እንዲሸሽ ነው፣ በረንዳው ቤቱን የዞረው ፀሐይ ግድግዳውን እንዳይነካው ነው። አርክቴክቱ በዚህ ቤት ለሚኖር ሰው ሁሉ አስቧል አለችን። እኔ ኮርኒስ አላየሁም። በየክፍሉ እየገባሁ መስኮት መስኮቱን ነው የማየው። የማዳም መኝታ ነጭ መስታወት፣ የእንግዳ ክፍል ነጭ፣ የሙሴ ፔትሮ ቢሮ ነጭ። ወጥ ቤቱ ጭራሽ መስታወትም የለው።

“ልጄ” አልኳት ማህደርን፣ “ባለቀለም መስኮት ያላት የሠራተኛ ክፍል የት ናት?”

ፈገግ አለች። “እናቴ፣ በዚህ ቤት ባለቀለም መስኮት አንድ ብቻ ነው። ኑ ላሳይዎት።”

ደረጃው ላይ ነበር፣ አዮ። ወደ ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ማጠፊያ ላይ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ልክ እንዳልሽው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስለነበር ቀለሙ ደረጃው ላይ ተዘርግቷል፣ ሰዉም እየተገፋፋ ፎቶ ይነሳበታል። ሳብሪን ቀዩን ብርሃን ፊቷ ላይ አሳርፋ ፎቶ ተነሳች። እኔ ግን የክፍል በር እየፈለግኩ ነበር። መስኮቱ አለ፣ ክፍሉ የለም።

“አሁን ደግሞ” አለች ማህደር፣ “ከደረጃው ስር የተገኘ ልዩ ነገር።” ወገቤ ድረስ እንኳ የማትደርስ የእንጨት በር ከፈተች። ውስጡ የፍየል ጉረኖ ያክላል። ሰው ሊቆምበት አይችልም፤ ቢቀመጥም አንገቱን ሰብሮ ነው። መስኮት የለውም። አጠገቡ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ “የዕቃ ማስቀመጫ” ይላል። ማህደር የስልኳን መብራት አብርታ ግድግዳውን አሳየችን። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ተኝቶ ለሚያየው ሰው ፊት ለፊት፣ በእርሳስ የተሰመሩ አግድም መስመሮች አሉ፣ አንዱ ካንዱ በላይ። አሥራ ሰባት ናቸው። ከያንዳንዱ አጠገብ ትንሽ ጨረቃ ተሥላለች።

“አርክቴክቱ የደረጃውን ልክ ሲያሰላ በእጁ ያሰመራቸው ናቸው” አለች። “ጨረቃ የምትመስለው የኮምፓሱ አሻራ ናት። አምስተኛውን እዩት፣ ከአራተኛው ያጥራል። ከዚያ ስድስተኛው ዘሎ ይረዝማል። ተሳስቶ ያረመው ነው። ታላቅ ሰውም ይሳሳታል!” ሰዉ ሳቀ።

እኔ እግር በዓይኔ የምለካ ሴት ነኝ። ከልጅ እግር ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። የመጀመሪያው መስመር የስድስት ዓመት ልጅ እግር ነው። ሁለተኛው የሰባት። አምስተኛው ያጠረው አርክቴክቱ ተሳስቶ አይደለም፣ የወፍጮ ድንጋይ የቀኝ አውራ ጣቴን ጫፍ የወሰደው ያን ዓመት ነው! አክስቴ ሳታስብ ያንኑ ቀኝ እግሬን ለካች፣ ጫማው ግራ እግሬን ሲያንገበግበኝ ከረመ። ከዚያ ወዲህ የምትለካው ግራውን ነበር። ጨረቃዋም ኮምፓስ አይደለችም። መጻፍ ለማትችል ሴት ኢድ ማለት ናት።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሰንደል ጫማዬን አውልቄ ጥዬ፣ ተንበርክኬ ገባሁ። በጎኔ ተኝቼ ግራ እግሬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

“እማ! ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው!” ሳብሪን ልታለቅስ ደረሰች።

“እናቴ፣ መንካት ክልክል ነው” ትላለች ማህደር።

“ስኳር ይሆናል፣ ከረሜላ ስጧት” አለ ከኋላ አንዱ።

እኔ እቆጥራለሁ። ሲባጎ የላክንልሽ ስምንት ዓመት ነው፤ ስምንት መስመር። ከዚያ በላይ ያሉት ዘጠኙ ያለ ሲባጎ ናቸው። እምቢ ካልኩሽ በኋላም በየኢዱ እየገመትሽ አሰመርሽልኝ። እግሬ አሥረኛው ላይ ገጠመ። ሰባቱ አልፈውኝ ሄዱ። የመጨረሻው አርባ አንድ ቁጥር ነው። አርባ አንድ! አዮ፣ የሰው ልጅ ነበር የወለድሽው ወይስ ግመል? ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። በሩ ላይ ስትመልሽኝ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ገና በማደግ ላይ ነበርኩ። ማደጌን ማቆሜን የነገረሽ ሰው የለም። ሰፊ ጫማ ጨርቅ ይጎሰጎስበታል ብለሽ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርሽልኝ።

ዘበኛው ተጠራ። ቡልቻ ይባላሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ የቤቱ አትክልተኛ የነበሩት። ሊያስወጡኝ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ቀኝ እግሬ ላይ አረፈ፣ ጫፍ የሌለው አውራ ጣቴ ላይ። እጃቸው ቀረ።

“የፋርቱን ልጅ ነሽ?” አሉኝ በለሆሳስ።

ግቢው ውስጥ ከዛፍ ስር አስቀመጡኝ። ሳብሪንን ውሃ እንድትገዛ ላኳት። ስለ ጣቴ አንቺ ነግረሻቸው ኖሯል፤ ሳልጠይቃቸው ሌላውንም ተናገሩ። አሥራ ስምንት ዓመት እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ተኝተሻል። ከራስሽ በላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ አቧራው ፊትሽ ላይ ይራገፋል። ጠዋት ደረጃውን ስታጥቢ ቀለሙ እጅሽ ላይ ሲፈስ ቆም ትይ ነበር። ኢድ ሲደርስ ቡልቻ የሙሴ ፔትሮን እርሳስ ይሰጡሽና ታሰምሪያለሽ። ጫማውንም ትገዣለሽ፤ እኔ ከመለስኩብሽ ወዲህ መስጊድ በር ላይ ለተቀመጡት ትሰጪያለሽ።

“ያን ቀን በር ላይ የመጣሽ ዕለት” አሉኝ፣ “ወጥ ቤት ገብታ እንዴት እንዳለቀሰች! ‘ምን ነበረበት ብታስገቢያት?’ አልኳት። ‘ክፍልሽን አሳዪኝ አለችኝ’ አለችኝ። ‘ምኑን ላሳያት?’”

አዮ፣ ምናለ ብታሳዪኝ ኖሮ? አቅፌሽ እተኛ ነበር እኮ! ሁለታችን ባንበቃም ተጣጥፌ እተኛ ነበር። እንዳላዝንልሽ ብለሽ ዋሸሽኝ፣ እኔም ዋሽተሽ የሰጠሽኝን መስኮት አርባ ዓመት ጠላሁት። አንቺንም ከሱ ጋር።

“ለምን ለእነዚህ ልጆች አልነገሯቸውም?” ብዬ ቡልቻ ላይ ጮህኩባቸው። “የእናቴን የእጅ ሥራ ለፈረንጅ ሲሰጡ ዝም ይባላል?”

“ልጄ፣ ቤቱ ሲታደስ ግድግዳውን ሁሉ ቀለም ለቀለቁት። ወጥ ቤት የነበረውን ጽሑፍ፣ የሠራተኞቹን ምልክት፣ አንዱንም አልተዉም። ይህን ሲያዩ ‘የአርክቴክቱ ነው’ አሉ። የሠራተኛ ነው ብላቸው ኖሮ ዛሬ ምን ታዪ ነበር? ነገ ደግሞ መስታወት ሊያለብሱት ነው።”

ይህን ሲሉኝ ማህደር መጣች። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። “እናቴ፣ ስለ መስመሮቹ የሚያውቁት ነገር አለ እንዴ? ይንገሩኝ፣ እመዘግበዋለሁ” አለችኝ።

ስምሽ ምላሴ ላይ ነበር። ፋርቱን። አንዲት ቃል ናት። ቡልቻ መሬት መሬት ያያሉ። የቀለም ብሩሹ ታየኝ።

“የለም ልጄ” አልኳት። “አዞረኝ፣ ሙቀቱ ነው።”

ሁለተኛ ካድኩሽ፣ አዮ። ያኔ በጥላቻ ካድኩሽ፣ አሁን ደግሞ እንዳትጠፊብኝ ብዬ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። አላህ ይቅር ይለኝ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ራሴን ይቅር የምልበት አፍ የለኝም። ሳብሪን ቤት ገብተን “ፋርቱን ማናት?” አለችኝ፣ ስሙን ከሽማግሌው ሰምታ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ አያት እንደነበራት እንኳን አልነገርኳትም። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ። ከቦርሳዬ ሲባጎ አይጠፋም፣ ሥራዬ ነው። ከዛፉ ስር ተቀምጬ ግራ እግሬን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ለካሁ። ሁለቱንም ጫፍ ቋጠርኩ። ቡልቻ መስታወቱ ሳይገጠም ወስደው ከመስመሮቹ በላይ ባለችው ሚስማር ላይ አንጠለጠሉልኝ። ማህደር ነገ ይህንም የአርክቴክቱ መለኪያ ነው ትላቸው ይሆናል። ትበላቸው።

ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው፣ አዮ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ወዲህ አላደገም። አርባ ዓመት ሊሆነው የዘገየ ሲባጎ ነው፣ ግን ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ አትገምቺ። እርሳሱን አስቀምጪና ተኚ።

እግሯን የከለከለችሽ ልጅሽ፣
ኑርሀን