ጃንጥላዬና የልጅሽ ሥራ

ይድረስ ለውድ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ ያ ሳል ለቀቃቸው ወይ? እኔ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽማ እዚህ እኔ ዘንድ እንደ ሚዳቋ እየዘለለች ነው። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጽፍልሽ ነበር፤ ደስታ ግን ቅደም ተከተል አያውቅም። እህቴ፣ ልጅሽ ሥራ አገኘች!

አሁን ከሥሩ ልጀምር። ትሠራበት የነበረው የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ያላንኳኳችው በር የለም። ሁሉም «እንደውልልሻለን» ይሏታል፤ የምትደውዪው ግን አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ያውም «ወሩ ሳያልቅ ካልተሳካልሽ ተመለሺና አጎትሽ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሁኚ» ለማለት። ስልኩን በዘጋች ቁጥር የመሣሪያ ሣጥኗን ከፍታ መፍቻዎቿን ትወለውላለች። ሥራ ያልነካው መፍቻ ምኑ ይወለወላል? አንጀቴን በላችው።

በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባዋ ብሎግ እንድትከፍት መከራት። ብሎግ በኢንተርኔት ላይ የራስሽ ገጽ ማለት ነው፤ የምታውቂውን ትጽፊበታለሽ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው አንብቦ ሙያሽን ያያል። ደጅ ከመጥናት ይሻላል ብዬ ወደድኩት፤ ብቻ እኔ ሳላርመው አንድም መስመር እንዳይወጣ አዘዝኩ። «አሳንሰር ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም» የሚል አጻፍኳት። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው፣ እንከን የማይወጣለት ጽሑፍ ነበር። ያነበብነው እኔና እሷ ነን።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ የሕንፃችን አሳንሰር መሃል ላይ ቆመ። ውስጡ ያለነው እኔና፣ ከድምፁ የተነሣ ሰፈሩ «ነጎድጓዱ» የሚለው ባለ ሉካንዳው ጎረቤታችን ነን። እሱ «እማማ፣ አየር አለቀብን!» እያለ ሲጮህ፣ እኔ «አየሩን የምትጨርሰው አንተ ነህ፤ ይልቅ ይህን በር ፈልቅቅ!» ብዬ ጃንጥላዬን በበሩ ስንጥቅ ሰካሁት። መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ አሳንሰሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጅሽ ከውጭ ስትከፍትልን ሰውዬው ጃንጥላዬን እንደ በግ ሽንጥ ይጎትታል። ለካ በሩ ካልገጠመ አሳንሰር አይንቀሳቀስም! ያሰርኩን እኔው ነኝ።

በማግስቱ ይህንኑ ጽፋ አመጣችልኝ። አየር እንደማያልቅ፣ በር መፈልቀቅ አደጋ እንደሆነ፣ ደወሉን ተጭኖ መጠበቅ እንደሚበጅ ግልጽ አድርጋ አስረድታለች፤ መሃሉ ላይ ግን እኔ ከነጃንጥላዬ፣ ከነትእዛዜ ተገትሬአለሁ። «ገበናዬን አደባባይ ልታሰጪው ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «እትዬ፣ እርስዎን ከውስጡ ካስወጣሁዎት ያው የበፊቱ ጽሑፍ ነው የሚሆነው» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ወደ ክፍሏ ገባች፤ ቀጥሎ ከአልጋ ሥር ሻንጣ ስትጎትት ሰማሁ። ወሩ ሊያልቅ ነው። ኩራቴን በአንድ በኩል፣ ያቺን ሻንጣ በሌላ በኩል አድርጌ መዘንኩ። ሄጄም «ብሎጉ ላይ አውጪው፤ ጃንጥላዬ ግን ጥቁር ነው እንጂ ቡናማ አይደለም፣ እሱን አርሚ» አልኳት።

ኧረ ምኑን ልንገርሽ! ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ነጎድጓዱ ራሱ ሉካንዳው መስታወት ላይ ለጥፎት «ፈልቃቂው እኔ ነኝ» እያለ ደንበኛ ያስነብባል። የማናውቃቸው ሕንፃ አስተዳዳሪዎች በየአሳንሰራቸው ውስጥ ሰቀሉት። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጥገና ኃላፊም አንብባ ልጅሽን ለፈተና ጠራቻት። የተበላሸ አሳንሰር ሰጧት፤ አስነሣችው። ኃላፊዋም «መጠገንስ ሌሎቹም ጠገኑ፤ ለፈራ ሰው እንዲህ የሚያስረዳ ግን አጥቼ ነበር» ብላ ቀጠረቻት። ሰኞ ትጀምራለች!

አሁን አንድ ነገር አደራ። ላንቺ ከመደወሏ በፊት አንድ ሳምንት ልሥራበት ብላለች። «እማዬ ‹ይዘልቅልሽ ይሆን?› ካለችኝ ወኔዬ ይከዳኛል» አለችኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ በሚመጣው ሾፌር እጅ ቀድሜ እልከዋለሁ። ስትደውልልሽ አዲስ እንደሰማ ሰው ሆነሽ መጀመሪያ እልል በዪ። «ይዘልቃል ወይ?» የሚለውን ለእኔ ጻፊልኝ፤ እኔ እመልስልሻለሁ።

ባለቤትሽን እግዜር ይማርዎ በይልኝ። አጎቷን፣ ለሱቁ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነግረሽ፣ ሳይቀየመኝ ሰላም በይልኝ። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የእጅ ጽሑፉን ያሻሽል። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ።

የማትረሳሽ ታላቅ እህትሽ

ከፎቁ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፲፬ ቀን