ቀኝ ዐይኔ ያረዳው መርዶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ በማለዳ ወንፊት ልዋስ ጎረቤቴ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ፊቴን ከማየታቸው ነጠላቸውን አገለደሙና "ልጄን! ልጄን ምን አገኘብኝ?" ብለው ጮኹ። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ይኖራል። በአገራችን ደግሞ በማለዳ ዐይኑን አፍጥጦ ደጅ የሚቆም ሰው መርዶ ነጋሪ እንጂ ወንፊት ፈላጊ አይደለም።

ጥፋቱ የቀኝ ዐይኔ ነው። የተንጠለጠለውን የዐይኔን ቆብ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ጥገና ሳስነሳ ግራው በልኩ ተቀመጠ፤ ቀኙ ግን እንደደነገጠ ሰው ወደ ላይ ተስቦ ቀረ። ሐኪሙ "እብጠቱ እስኪጎድል ታገሺ" ብሎኛል። ለሰፈሩ ግን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ ነው ያልኩት።

ጎረቤቱ እየተሰበሰበ ሲመጣ ምስጢሬን አፈረጥኩት። "እትዬ፣ ልጅዎ ደኅና ነው! እኔ ነኝ ቆንጆ ልሁን ብዬ ዐይኔን ኦፕራሲዮን የተደረግኩት!"

ማን ይመነኝ! ስልክ ተደወለ። ልጁ ደጀን ላይ ቁርሱን እየበላ ነው።

እትዬ የሺ እንባቸውን ጠርገው አገጬን ያዙና መረመሩኝ። "እስቲ ጨፍኚ። ግለጪ። ወይ ጉድ! ለዚህም ይከፈላል?" ከዚያ ፈረዱ። "እስኪስተካከል ድረስ፣ ልጄ፣ እኔ ቤት ስትመጪ መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ሆነሽ ሳቂና ግቢ።"

ከሰዓት መስታወት ፊት ቆሜ ሳቅ ተለማመድኩ። ግራ ዐይኔ አብሮኝ ሳቀ። ቀኙ ግን ምን እንደሰማ እንጃ፣ አሁንም እንደደነገጠ ነው...