ሦስት መቶ ፈረስ በሁለት ጎማ፦ ለመኪና ፋብሪካው ዋና መሐንዲስ

ለተከበሩ የመኪና ፋብሪካው ዋና መሐንዲስ፣
ባሉበት።

የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም መላ ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነትና በተለይም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ዳገት ለጤናዎ እንደማይስማማዎት ባለፈው ሳምንት በጋዜጣ ካወጡት መግለጫ ተረድቻለሁና።

እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። መኪና አልነዳም፤ እሳፈራለሁ እንጂ። በመግለጫዎ ላይ ትንሿ ፈጣን መኪናችሁ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደሆነው ሁሉ ወደፊትም ሞተሯ የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች ብቻ እያሽከረከረ ትቀጥል ወይስ እንደ ጥንቱ አራቱንም ታሽከርክር የሚለውን ለመወሰን የደንበኞችን አስተያየት እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚቀበሉ ገልጸዋል። በዚያው ዓረፍተ ነገር «ሁለቱ እንደሚበቁ እናምናለን» ማለትዎ፣ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪውን የሚጠይቅ መምህር ስላስታወሰኝ ደስ ብሎኛል። ቅሬታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መኪናችሁ ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት እንዳላት ማስታወቂያችሁ በትልልቅ ፊደል ይናገራል። በሁለት ጎማ ብቻ መሬት እንደምትቧጥጥ የሚናገረው ግን በትንንሹ ስለሆነ፣ የልጅ ልጄ መኪናዋን ስትገዛ እኔም መነጽሬን ረስቼ ስለነበር አላየነውም፤ ጥፋቱ የመነጽሬ ነው። አበው ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። የእርስዎ ፈረሶች ሦስት መቶ ሆነው ሊያደርሱን አልቻሉም፤ ከድንጋይ ጋር ሲዋጉ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፍርድ እንዳላጓድል እፈራለሁና ለእርስዎም የሚገባዎትን ልስጥ። በሜዳ ለሚኖር፣ በደረቅ አስፋልት ለሚመላለስ ሰው በፊት ጎማ የምትሄድ መኪና ትቀላለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ የሚበላሽባትም ዕቃ ያነሰ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ፍሬን» የሚላቸው፣ አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዱት ጎረቤቴም አራት ጎማ ማሽከርከር ለመውጣት እንጂ ለመቆም እንደማይረዳ ደጋግመው ነግረውኛል። ይህን ሁሉ ተቀብያለሁ። የእኔ ነገር ስለ መውጣት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለምንወጣው ዳገት። የሰፈራችን የወሊድ ጣቢያ ከዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ቦታውን የመረጡት ሰዎች አንዳቸውም ወልደው አያውቁም። ወደዚያ የሚወስደው በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ በአናጺው ጎረቤታችን ግድግዳና በውሃ ማጠራቀሚያው መካከል እጅግ ስለሚጠብ፣ አምቡላንስ አንድ ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም መስታወቶቹን ጥሎልን ተመልሷል። ስለዚህ የልጅ ልጄ፣ የጣቢያው አዋላጅ ነርስ፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች በራሷ ትንሽ መኪና ታወጣለች። የቀድሞዋ መኪናዋ የእናንተው ሥራ ነበረች፤ አራቱንም ጎማዋን እያሽከረከረች አሥራ አራት ዓመት እንደ ፍየል ወጥታዋለች። ስታረጅ፣ ስሟም መልኳም ያው ነው ብለን እህቷን ገዛን። ለካ ስም እንጂ እግር አይወረስም።

በመግለጫዎ ዝናብ የሚፈራ ደንበኛ ትልቋን መኪናችሁን እንዲገዛ መምከርዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ትልቋን መኪና በሜትሩ ለክቷት ከመንገዱ በአንድ ክንድ ትሰፋለች። ግድግዳውን ወደ ኋላ እንድናስጠጋልዎ የሚፈልጉ ከሆነ ከአናጺው ጋር ልነጋገር።

ሦስተኛ፦ ስለዚያች ጠዋት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ድንጋዩን ሳሙና አስመስሎታል። የልብስ ሰፊው ሚስት ምጧ ፋታ አልሰጣትም። እኔ ደም ግፊቴን ልለካ ወደ ጣቢያው ስለምሄድ ከኋላ ወንበር አብሬያት ተቀምጬ እጇን ይዣለሁ፤ ወይም እሷ የእኔን ይዛለች፣ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ ባዶውን ይሽከረከሩ ጀመር። ፈረሶቹ ጮኹ፣ ጎማው ተቃጠለ፣ ጭሱ ጋቢናውን ሞላው፣ መኪናዋ ግን ቀስ ብላ ወደ ታች ተንሸራተተች። የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቴም ተንሸራተን ወደ ተነሳንበት ተመለስን። አናጺውና ልብስ ሰፊው ከኋላ ይገፋሉ፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና «ቲቸር፣ ደረስን?» አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለተማሪ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው «ደርሰናል» አልኩ። ያን ጊዜ ከተነሳንበት ቤት አጠገብ ነበርን።

በሰዓቴ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጥሬአለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ጋሼ ፍሬን ጃንጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉና «አዙሯት! ፊቷን ወደ ታች፣ ቂጧን ወደ ላይ!» አሉ። አነጋገራቸውን ሳልለውጥ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የተናገሩት ግን ንጹሕ ፊዚክስ ነው። መኪና ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ታችኛው ጫፍ ያጋድላል። በፊቷ ስትወጣ ሸክሙ ሥራ ፈትተው በተቀመጡት የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ የሚሠሩት የፊቶቹ ግን ይቀልላቸዋል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ እርጥብ ድንጋይ አይቆነጥጥም። አዙረው የኋሊት ቢያወጧት ሸክሙ በሠራተኞቹ ላይ ይሆናል። ይህን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ አስቦታል። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ስንት መሐንዲስ እንዳለ አላውቅም፤ የጃንጥላ እጥረት ካለ ግን እኛ እንልካለን።

ጋሼ ፍሬን መሪውን ተቀበሉ፤ የልጅ ልጄ ወደ እኛ ዞረች። ሦስት መቶ ፈረስ ያላት፣ በማስታወቂያው ላይ ነፋስ የምትቀድመው መኪናችሁ ዳገቱን በጀርባዋ ወጣችው፤ ምጥ ላይ ያለችውም እናት የገዛ ቤቷ ከፊት ለፊቷ እያነሰ ሲሄድ እያየች ተጓዘች። ሕፃኗ የተወለደችው ጣቢያው በር ላይ፣ በእናንተ ወንበር ላይ ነው። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ወንበሩ በእጅ የተሰፋ ቆዳ መሆኑን ማስታወቂያችሁ ስለሚናገር፣ ልብስ ሰፊው ስፌቱን መርምሮ ጥሩ መሆኑን እንድነግርዎ አደራ ብሎኛል። እኔም የማመስገኛ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

አራተኛ፦ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር መኪናችሁ የኋሊት ትወጣለች፤ ሰፈሩም ለምዶታል። የልጅ ልጄ አንገት ግን አልለመደም፤ ማታ ማታ በሞቀ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ። ትራፊክ ፖሊሱም አልለመደም። በሕዝብ መንገድ ላይ የኋሊት መንዳት ክልክል ነውና ሁለት ጊዜ ከሷታል። ሦስተኛ ከተከሰሰች መንጃ ፈቃዷ ይታገዳል፤ ያን ጊዜ ዝናብ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች፣ ወይም አትወጣም። ፖሊሱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ደብተሩን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሕግ ነው» ሲለኝ፣ እኔም ስለ ክብደትና ስለ ዳገት ላስረዳው ሞከርኩ። በትምህርት ቤትም ይህ ምዕራፍ ከብዶት ነበር። እሱስ ትራፊክ ነው፤ እርስዎ ግን ዋና መሐንዲስ ኾነው ምዕራፉን እንዴት እንዳለፉት ፈታኝዎን ብጠይቅ ደስ ይለኛል።

አምስተኛ፦ አራት ጎማ «የአነዳድ ደስታን ያደበዝዛል» ብለዋል። የልብስ ሰፊውን ሚስት ጠይቄአት ደስታዋ እንዳልደበዘዘ፣ እንዲያውም እስካሁን በሕልሟ እንደሚመጣባት ነግራኛለች።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሻጮቻችሁ መጪዋ መኪና ገበያ ላይ ስትውል ይህችኛዋን ተቀብለው ሊለውጡልን በጽሑፍ ተዋውለዋል። ስለዚህ የሚወስኑት የእኛን ዳገት ነው። መኪናዋን አሳድጉ አላልኩም፣ ትንሽነቷን እንፈልገዋለን። ፈረሶቿንም ቀንሱ አላልኩም፣ ሰውና ዳገት አብረው ከባድ ናቸው። ለሜዳ ሰዎች ባለ ሁለቱን ሥሩላቸው፣ አንመቀኝም። ለእኛ ግን በዚያችው ትንሽ መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ሥራ አስገቡልን። አይሆንም ካሉም ቢያንስ ማስታወቂያው ላይ መኪናዋን ከጀርባዋ ፎቶ አንሡአት፤ ዳገት የምታውቀው በዚያ በኩል ነው።

ካላመኑኝ በዝናብ ቀን ይምጡ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ተቀምጣበት ከነበረው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በእጄም ሰዓት ይዤ፣ በፊቷም በጀርባዋም እንዲሞክሯት አደርጋለሁ። ለሌላው ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ይባላል፤ ለእርስዎ ግን ፈረሱም ይኸው፣ ዳገቱም ይኸው።

ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለ ወሰድኩት፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና፣ ማስተዋልም ጨምሮ ይስጥዎት እያልኩ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ከፍ ካለው ሰፈራችን ወደ ታች እልካለሁ፤ ወደ ታች ሁሉም ይወርዳልና ይደርስዎታል።

አክባሪዎ፣
ከዳገቱ ወገብ ላይ የምትኖረው ጡረተኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ በወንበራችሁ ላይ የተወለደችው ሕፃን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው እሑድ የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ አየኋት። በፊቷ ነው የወጣችው፤ በሁለት እጇና በሁለት ጉልበቷ፣ በአራቱም። ማንም መሐንዲስ አላስተማራትም።